የጉማሬ ጆሮ

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቴ፣
ስርቆትና ዱላ ሲያልፍ በእጅ ጽሕፈቴ።
በየሦስት ወሩ ደምሬ፣ ለይቼ፣
እልካለሁ ሪፖርት ማኅተም አስመትቼ፦
«ካምናው ሲነጻጸር ወንጀሉ ቀንሷል።»
እውነት ነው። እውነቱ ከደጄ መች ደርሷል?

ማታ ስወጣ ግን ያ የቀኑ ድምር
ጥሎኝ ይተኛና ከፋይሎቹ ሥር፣
ቁልፌን ከጣቶቼ መሐል ሸጉጬ፣
ከዘንባባው ጥላ በሩጫ አምልጬ፣
«ባጃጅ!» እላለሁ።
ሁሌ የሚቆምልኝ ይበልጣል ነው፣ የሽምብጥ ልጅ።
«ሌባው እንዴት ነው፣ ከአምናው ዘንድሮ?» ስለው
በመስተዋቱ አይቶኝ
«ይበልጣል» ይለኛል።
ስሙን ነገረኝ ወይስ መለሰልኝ?
እስከ ቤቴ ድረስ ይህን ሳሰላ ሂሳቡን እረሳለሁ፤
ሁለት ጊዜ ይጠይቀኛል።

ሰው የሚፈራው ሌላ፤ ጨለማ፣ ሐይቅ ዳር፣
ደንገሉ ውስጥ ያለ የማይታይ ነገር።
መዝገቤ ግን ይላል፦ በጠራራ ፀሐይ፣
ሰው በሰው ሲጋፋ፣ መሳፈሪያው ላይ።
ከደንገሉ እስካሁን የጻፍኩት አንድ ነው፦
የታንኳ መቅዘፊያ፣ ሌባው ያልታወቀው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከገበያው በር፣
ስልክ ተነጠቀ። ጻፍኩት፦ አንድ፣ ጥቁር።
ወሬው ግን አልቆመም እንደ መዝገብ ቁጥር፤
ሽምብጥ ላይ ሲደርስ ጩቤ ተጨመረ፣
ዐባይን ሲሻገር ሰውዬው ተቀበረ፣
ማምሻውን በባጃጅ እኔው ጋ ሲመለስ
ሬሳው ሦስት ሆኖ፣ ሀገሩን ሲያስለቅስ።
ሟቹን ግን አገኘሁት ቴሌ ደጅ ቆሞ፣
አዲስ ሲም ሊያወጣ፣ በሰልፍ ተዳክሞ።

ሣቅሁ።
ያን ማታም ቁልፌን ሸጎጥኩ።

ከግድግዳዬ ማዶ ስመኝ ትኖራለች።
ሰኞ ጧት ጥቁር መነጽር ታደርጋለች፣
ሰማዩ ደመና ቢሆንም።
«በር መታኝ» ትላለች።
በሩን ዐውቀዋለሁ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ እያንጎራጎረ ይመጣል፣
ጫማውን ደጅ ያወልቃል፣
ለእኔም «እንደምን አመሸሽ» ይላል።
ለበር የሚሆን ዓምድ መዝገቤ ላይ የለም።
«ነይና አስመዝግቢ» አልኳት አንዴ፣ በሹክሹክታ፤
የነጠላዋን ጫፍ ስታስር ስትፈታ ዝም አለች።
እኔ የምቆጥረውን፣ እሷ የምትቋጥረውን
አንድ ፊደል ይለየዋል፤
አንድ ግድግዳም።

እሑድ ሐይቁ ዳር አያ ጫኔን አገኘሁት፣
መረቡን ዘርግቶ ሲጠግን።
«ጉማሬው ስንት ነው?» አልኩት። ልማድ ነው፣ መቁጠር።
«በጆሮው ከቆጠርሽ ሦስት ነው፤» አለኝ፣
«ከጆሮው በታች ያለውን ውሃው ነው የሚያውቀው።
በፍርሃት ከቆጠርሽ ደግሞ
ያ እምቦጭ ሁሉ ጉማሬ ነው።»
«አንተስ በምን ትቆጥረዋለህ?»
መርፌውን በጥርሱ ያዘና ወደ ውሃው አየ።
«ታንኳዬን ስገፋ አልቆጥርም፤
ሲተነፍስ እሰማለሁ።»

ትናንት መብራት ጠፋ።
ይበልጣልም አልመጣ።
በዘንባባው ሥር በእግሬ፣ ቁልፌን ጨብጬ ስሄድ፣
ከኋላዬ ኮቴ።
ስፈጥን ይፈጥናል፤ ስቆም ይቆማል።
ዞርኩና የስልኬን መብራት አበራሁ፦
ነጭ ጋውን በክንዷ ያንጠለጠለች ልጅ፣ ነርስ ሳትሆን አትቀርም፣
ቁልፏ ከጣቶቿ መሐል፣ እንደ እኔው፣ ሾሎ።
«ሰው አለ ብዬ ነው የተከተልኩዎት፤
ሲቆሙ ግን ፈራሁ» አለች።
እስከ አደባባዩ አብረን ሄድን።
ስሟን አልጠየቅኳትም።
ሐይቁ በጨለማው ውስጥ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣
ሁለታችንም ሰማን፣
ሁለታችንም ምንም አላልን።

ጧት መዝገቡን ገለጥኩ። የትናንት ሌሊት፦
ወንጀል፣ የለም።
ጻፍኩት። ፈረምኩበት።
ብዕሬ ግን ከዓምዱ ውጪ፣ ከነጩ ጠርዝ ላይ፣
ትንሽ ቆየ።
ቅዳሜ ነበር።